የጾም ወራት አጥንት

ከ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወዲህ በፓርኩ የጎብኚዎች ሰፈር፣ በሳንቃ በር፣ በዐቢይ ጾም በግ አይታረድም።

ከዚያ በፊት ይታረድ ነበር። የሚያርዱትና የሚጠብሱት የእኛው ሰዎች ቢሆኑም የሚበሉት የማይጾሙት ጎብኚዎች ነበሩ። አጥንቱ ከሰፈሩ ጀርባ ወደ ገደሉ አፋፍ ይጣላል። ጎብኚው ሲቀር በጉም ቀረ፤ አጥንቱም ቀረ። በዚያን ጊዜ ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያስበው ሌላ ብዙ ነገር ነበረውና።

እኔ ልብ ያልሁት በሥራዬ ምክንያት ነው። ሐመልማል እባላለሁ። ደባርቅ ተቀምጬ፣ ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃ በር በተዘረጋው የገደል ግንብ ላይ የሚኖሩትን ትልልቅ አሞሮች የምቆጥር የአንድ አነስተኛ ፕሮጀክት ባለሙያ ነኝ። ከሁሉም አስቀድሜ የምቆጥረው ጺማሙን ጥንብ አንሳ ነው። ይህ አሞራ ከሥጋው ይልቅ አጥንቱን ይመርጣል። ትንሹን እንዳለ ይውጠዋል፤ ትልቁን ወደ ሰማይ ይዞ ይወጣና ዐለት ላይ ጥሎ ይሰብረዋል። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሽማግሌ አያ ያርጋል «አጥንት ጣይ» ይሉታል።

አጥንት ጣይ የሚጥለው አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ነው፤ የሚያሳድገው ግን አንድ ጫጩት ብቻ። ጫጩቱ በጎጆው ውስጥ ሆኖ አብዝቶ የሚበላበት ወቅትና እኛ ሥጋ የማንቀምስበት ሃምሳ አምስት ቀን ይገጣጠማሉ። አገሬው ሲጾም አሞራውን ያበላው የነበረው የጎብኚው ድስት ነው። ድስቱ ከተነሣ በኋላ ጎጆዎቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። በመጨረሻ የቀረው በዝርዝራችን ሰባተኛ ብለን የመዘገብነው ገደል ላይ ያለው አንድ ጥንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ገደል በየዓመቱ ጫጩት መውጣት አለመውጣቱን ማረጋገጥ የእኔ ድርሻ ሆነ። ጫጩት ከወጣ ዘሩ አለ ማለት ነው፤ ካልወጣ የቀሩት ሁለት አሮጌ አሞሮች ናቸው።

በ2014 አንድ ዘዴ አሰብሁ። አጥንት ከደረቀ በኋላም ለወራት ይቆያል፤ አሞራውም ደረቁን አይንቅም። ስለዚህ በቅበላ፣ አገሩ ሁሉ ሥጋን በሚሰናበትበት ሳምንት፣ የደባርቅን አጥንት ሰብስበን ጾሙን ሙሉ በየሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት በገደሉ አፋፍ ላይ ብናስቀምጥስ? ሐሳቡን የተቀበሉኝ አያ ያርጋል ናቸው። ሠላሳ ዓመት የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ሆነው አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ቡይት ራስ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ፕሮጀክቱ የሰባተኛውን ገደል ጠባቂ አድርጎ ቀጠራቸው፤ አንዲት አህያም ተሰጠቻቸው።

የቅበላ ቅዳሜ ከአህያዋ ጋር ልኳንዳ ቤቶቹን ስንዞር ሰልፉ እስከ መንገዱ ወጥቶ ነበር። ድረስ የሚባለው ባለ ልኳንዳ ቢላዋውን እየሳለ ከሩቅ አየን።

«አያ ያርጋል፣ ሰው ሥጋውን ለመሰናበት ይጋፋል፤ አንቱ አጥንት ይለቅማሉ። አሞራ ድግስ ጠራዎት እንዴ?»

«የጠራሁትስ እኔ ነኝ» አሉ አያ ያርጋል። «ደግሞ እንግዳዬ እንዳንተ ደንበኛ ‹ጮማ የለውም› ብሎ አይነጫነጭም።»

«በጾም? የማይጾም እንግዳ?»

«ምን ያድርግ፤ ቄሱ ገደል ወርደው አላስተማሩት።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ድረስ ወደ እኔ ዞረ። «እት ሐመልማል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የተማርሽው ይህንኑ ነው?»

«አጥንት መምረጥም ትምህርት አለው» አልሁት። «ረጅም ረጅሙን ስጠን።»

እየሳቀ የጭን የጭኑን ለይቶ ሁለት ጆንያ ሞላልን።

በዚያ ዓመት ግንቦት ከገደሉ ትይዩ ካለው አፋፍ ተኝቼ ጫጩቱ ከጎጆው ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ከዋሻው አፍ ቆሞ ብዙ አመነታ፤ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ወደቀ ማለት ይቀላል። ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ ደረቱ ጭስ የመሰለ ቡናማ ነበር። የክንፉ የኋላ ጠርዝ በመቀስ የተከረከመ ያህል የተስተካከለ ነው፤ ላባው ሁሉ በአንድ ጊዜ የበቀለ ስለሆነ። በየዓመቱ እንደማደርገው ፎቶ አነሣሁትና መዝገቤ ላይ «የዘንድሮ ጫጩት፣ አንድ» ብዬ ጻፍሁ። ክረምቱ ሲገባ አያ ያርጋል ደወሉና ጫጩቱ ሲያርፍ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ግራ እግሩን እንደ ሰበረ፣ ግን መብረሩን እንዳልተወ ነገሩኝ። እግሩን በዓይኔ አላየሁትምና አልጻፍሁትም።

ወጣት አሞራን በሩቁ አይቶ ዕድሜውን መናገር ከባድ ነው። አጥንት ጣይ የአዋቂነት መልኩን ለመልበስ አምስት ስድስት ዓመት ይወስድበታል። በመጀመሪያው ዓመት ራሱ ጥቁር ነው፤ በሁለተኛው ደረቱ መንጣት ይጀምራል፤ በሦስተኛው ፊቱ ይገረጣል፤ በኋላም ደረቱን የብረት ዝገት ባለው ቀይ አፈር ቀብቶ እንደ ወላጆቹ ይቀላል። ከምንቃሩ ሥር የሚንጠለጠለው ጺም በልጅነቱ አጭር ነው፤ ሲያድግ ይረዝማል። ዓይኑ መጀመሪያ ቡናማ ነው፤ በኋላ ቢጫ ሆኖ በቀይ ቀለበት ይከበባል። ከእኔ አፋፍ እስከ ገደሉ ስድስት መቶ ሜትር ስላለ ግን ዓይኑም ጺሙም አይታዩኝም። የሚቀሩኝ የላባው ቀለምና የክንፉ ጠርዝ ናቸው። እኔ ቀለሙን አመንሁ።

በ2015 እናቴ ታምማ ጾሙን ሙሉ ዳባት ከአልጋዋ አጠገብ ነበርሁ። ወደ ገደሉ የወጣሁት በሰኔ ነው። አያ ያርጋል ከአጠገቤ ተቀምጠው ሳለ አንድ ጥቁር ራስ አሞራ ከገደሉ ጥግ ብቅ አለ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

«ይኸው! ዘንድሮም ወጥቷል።»

መነጽሩን ተቀብለውኝ ብዙ ቆዩ። «ማን ወጣ?»

«የዘንድሮው ጫጩት ነዋ። ራሱን አያዩትም? ጥቁር ነው።»

«እቴ፣ ይኼማ የአምናው ነው። ዘንድሮ ጎጆው ባዶ ነበር። እኔ ከጥር እስከ ሚያዝያ ከሥሩ አልተነቃነቅሁም። ሴቲቱ ጥቂት ቀን ታቀፈችና ተነሥታ ሄደች።»

«ከታች ሆነው የጎጆው ውስጥ አይታይም፣ አያ።»

«የጎጆውን ውስጥ ባላይ የእናቲቱን አፍ አያለሁ። ለልጅ ይዛ የምትገባና ለራስዋ የምትበላ እናት አካሄዳቸው አንድ አይደለም።»

«የአምናው ቢሆን እኮ ደረቱ በነጣ ነበር።»

«በምን ይንጣ? በልቶ የጠገበ ነው የሚነጣው።» መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሡ ቀጠሉ። «እግሩንም እይው። ግራውን አይሰበስብም፤ አምና የተሰበረችዋ ናት።»

«ጫጩት ሁሉ በረራ ሲለምድ እግሩን ያንጠለጥላል» አልሁ። ይህ እውነት ነው፤ መጽሐፉም ይለዋል።

አያ ያርጋል መነጽሩን መለሱልኝ። «እንግዲህ መጽሐፉ ካየው እኔ ምን እላለሁ» አሉና ቆመው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

በዚያ ቀን እንዲህ ብዬ መዘገብሁ፦ «የዘንድሮ ጫጩት፣ አንድ። ጠባቂው የአምናው ነው ይላሉ፤ አልተረጋገጠም።» የመጨረሻውን ቃል የመረጥሁት አስቤበት ነው። «ተሳስተዋል» ማለት ነውር መሰለኝ፤ «ልክ ናቸው» ለማለት ደግሞ ማስረጃ አጣሁ። ልኩን የጠበቀ ቃል ያገኘሁ መሰለኝ። ሰውየውን በጨዋ ቃል ዝም እንዳሰኘኋቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በ2016 መንገዱ ተዘግቶ ከረመ። በሰኔ መጨረሻ እንደምንም ስወጣ ያው ጥቁር ራስ በገደሉ ላይ ነበር። በዚህ ጊዜ አያ ያርጋል መነጽሩን አልጠየቁኝም።

«ምን ይላሉ?» አልኋቸው።

«አንቺ ጻፊው። እኔ ማየቱን አያለሁ።»

ጻፍሁት። የአስተያየቱን ቦታ ባዶ ተውሁት።

ሪፖርቱ በሦስት ዓመት ሦስት ጫጩት ወጣ አለ። ጎንደር ያለችው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ምሥራቅ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት፤ ሪፖርቱ በደረሳት ቀን ደወለችልኝ።

«ሐሙዬ! ሦስት! ፎቶውን ረጂዎቻችን በመጽሔታቸው ሽፋን ላይ ሊያወጡት ነው፤ በጣም ነው ደስ ያላቸው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ የማስበው ግን፣ ሰባተኛው ገደል ራሱን ከቻለ አጥንቱን ምንም ወደሌለበት ብናዞረውስ? በጃናሞራ በኩል ያሉት ገደሎች ባዶ ናቸው።»

ሐሳቡ ምክንያታዊ ነበር። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። የዝውውሩን ወረቀት ፈረምሁ።

ቡይት ራስ ወጥቼ ለአያ ያርጋል ስነግራቸው የአህያዋን ኮርቻ እየጠገኑ ነበር።

«ታዲያ ይኼኛውስ?»

«ሦስት ልጅ ያወጣ ጥንድ ራሱን ችሏል፣ አያ።»

 የሚሰፉበትን ወስፌ በጥርሳቸው ይዘው ክሩን ሳቡ። በማግስቱ አህያዋ ወደ ጃናሞራ ሄደች።

የ2017ን ጾም ያሳለፍሁት በዚያ በኩል ነው። አጥንቱን በአዲስ ዐለት ላይ አስቀመጥን፤ የመጡት ቁራዎች ብቻ ነበሩ። የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ስልኬ ጮኸ። አያ ያርጋል ነበሩ። «ውጪና ላሳይሽ» ብለው ዘጉት።

ኀሙስ ረፋዱ ላይ በአይሱዙ ቡይት ራስ ደረስሁ። ሳምንቱ ሰላምታ የማይሰጥበት ስለሆነ ሰላም አልተባባልንም። ወደ ጓሯቸው ወሰዱኝና የተጠቀለለውን ጆንያ ገለጡት።

አሞራው ሳይፈርስ፣ ሳይበሰብስ፣ እንዳለ ነበር። የደረቱ አጥንት እንደ ቢላዋ ጀርባ ወጥቷል፤ በሁለት በኩሉ ሥጋ የለም። ጓንቴን አድርጌ ተንበረከክሁ። ከስድስት መቶ ሜትር የማይታየኝ ሁሉ አሁን አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ጺሙ አውራ ጣቴን ያህል ረዝሟል። የዓይኑ ቡናማ ወደ ቢጫ መለወጥ ጀምሯል። ጥቁሩን የደረት ላባ በጣቴ ስከፍተው ከሥሩ የነጣ አዲስ ላባ ጫፉን አውጥቶ አገኘሁት፤ ለመንጣት ዘግይቶ ነበር እንጂ ጀምሮታል።

ክንፉን ዘረጋሁት። በአንድ ክንፍ ላይ የሦስት ዓመት ላባ ነበረ፤ ጫፉ የተበላ፣ የደበዘዘ፣ ረጅም አሮጌ ላባ፤ ከእሱ ቀጥሎ መካከለኛው፤ ከዚያ ጠቆር ያለ አጭር አዲስ። የዚያ ዓመት ጫጩት አሮጌ ላባ ሊኖረው አይችልም። በላባዎቹ ላይ አግድም የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ። ላባ እያደገ ሳለ አሞራው ሲራብ እንዲህ ያለ መስመር ይቀራል፤ ላባው በዚያ ቦታ ይሳሳል። በአሮጌዎቹ ላይ ጥቂት ነበሩ። በአዲሶቹ ላይ ግን ተደራርበው ላባውን በጣቶቼ መካከል ባሳልፈው የሚቆረጥ መሰለኝ።

ግራ እግሩን ያነሣሁት መጨረሻ ላይ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ጠምሞ ድኗል።

አያ ያርጋል ከጓሮው ግንብ ተደግፈው ቆመው ያዩኝ ነበር።

«በቅበላ አንድ ጆንያ ለምኜ ነበር» አሉ። «አህያዋ ስለሌለች በትከሻዬ አወጣሁት። እየቆጠብሁ እስከ ደብረ ዘይት አደረስሁት።»

ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ነው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልኳንዳው ዝግ ነው። ድረስን እቤቱ ሄጄ ለመንሁት። ‹አያ፣ የተረፈውን ውሻ ጨረሰው፤ በጾም ከየት አባቴ ላምጣ?› አለኝ። ልክ ነው፤ ከየት ያምጣ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

በቁጣ አልመለሱልኝም። «ነግሬሽ ነበር» አሉ።

ደግሞም ያልጠየቅኋቸውን ነገሩኝ። አሞራው እስከ ሰኞ ድረስ ወደ አጥንቱ ዐለት ይመጣ ነበር። ባዶው ዐለት ላይ ይቀመጥና እሳቸው ወደሚመጡበት መንገድ ያያል። ሌላ ወጣት አሞራ ቢሆን ሲርበው አገር ለአገር ዞሮ ወሎም ትግራይም ደርሶ የሚበላ ይፈልጋል። ይህ ግን በየሦስት ቀኑ ከሰው እጅ መቀበል የለመደ ነበር። መጠበቅን ያስተማርነው እኛ ነን፤ ትተነው የሄድነውም እኛ ነን።

ማታውን ደባርቅ ስመለስ የሦስቱን ዓመት ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፈትሁ። የ2014ቱ የክንፍ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው። የ2015ቱ እዚህም እዚያም ጎርበጥ ይላል፤ ረጅም ላባ ከአጭር ጋር ተቀላቅሏል። የ2016ቱ ይብሳል። በሁለቱም ፎቶ ግራ እግሩ ተንጠልጥሏል። ሁሉም በእጄ ነበረ። አንድ አሞራ ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ በዚያ ቁጥር ደግሞ አጥንቱን ከአፉ አውጥቼ ለቁራ ሰጥቻለሁ።

ፋሲካ አለፈ። በማግስቱ ለምሥራቅ ደወልሁ።

«ሐሙዬ፣ እንኳን አደረሰሽ! ዶሮው እንዴት ነበር?»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ምሥራቅ፣ ሦስቱ ጫጩቶች አንድ ናቸው። እሱም ሞቷል።»

ሁሉንም ነገርኋት። 

«ይህን የሚያውቅ ማን አለ?»

«አያ ያርጋል። እኔ። አሁን አንቺ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። አንቺን ለማዳን ብዬ አይደለም። ሰባተኛውን ዛሬ ካረምን የሌሎቹን ገደሎች ቁጥር ነገ ማን ያምነናል? ሥራው በሙሉ ይዘጋል። ‹ተጨማሪ ማጣራት በመካሄድ ላይ ነው› እንበል። ውሸት አይደለም እኮ።»

ውሸት አልነበረም። የተመጠነ፣ ማንንም የማያስቀይም ቃል ነበር፤ እኔው ራሴ ልመርጠው የምችለው ዓይነት። ፎቶዎቹ ከፊቴ በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ተከፈቱ ነበሩ።

«ጥንዱ ዘንድሮ አለመውለዱን በምን አወቅሽ?» አለች ቀጥላ። «ምናልባት ጎጆ ውስጥ አንድ ይኖር ይሆናል። አጣሪ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

 ለማጣራት ወጣሁ።

ከአያ ያርጋል ጋር ዘጠኝ ቀን ከገደሉ ትይዩ ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ መነጽሩን አስቀድሜ ለእሳቸው እሰጥ ነበር፤ እሳቸው የሚሉትን ሰምቼ ከዚያ እኔ አያለሁ። ሴቲቱን ዘጠኙንም ቀን አላየናትም። ወንዱን በሦስተኛው ቀን አየነው። ደረቱ የቀላ ትልቅ አሞራ ነው። ባዶ እጁን መጥቶ ከጎጆው አፍ ቆመ፤ የጎጆው አንድ ወገን ተንዶ እንጨቱ ወደ ገደሉ ተንጠልጥሏል። ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ አየና ሄደ። በሰባተኛውም ቀን እንደዚሁ አደረገ።

«ሴቲቱ የት ሄዳ ይሆን?» አልሁ።

«እኔ እንጃ» አሉ አያ ያርጋል። «ካለፈው ኅዳር ወዲህ አላየኋትም። ያኔም ልነግርሽ አስቤ ነበር።»

«ለምን ተዉት?»

«ምን ብለሽ ትጽፊዋለሽ ብዬ።»

የመጨረሻው ቀን ጭጋግ ከቆላው ወጥቶ ገደሉን ሸፈነው። ስንነሣ አያ ያርጋል መነጽሩን በትከሻቸው አንግተው ከፊቴ ቀደሙ። 

ሰኞ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መዝገቡን አረምሁ። 2014፣ አንድ። 2015፣ የለም። 2016፣ የለም። 2017፣ የለም። «አልተረጋገጠም» ያልሁበትን መስመር ሰርዤ ጠባቂው አቶ ያርጋል የተናገሩትን በሙሉ በራሳቸው ቃል ጻፍሁ። አንዱን ቅጂ ለምሥራቅ፣ አንዱን በመጽሔታቸው ሽፋን ላይ ፎቶውን ላወጡት ረጂዎች ላክሁ።

ሰባተኛውን ገደል ከመራቢያ ገደሎች ዝርዝር አውጥቼዋለሁ።